የአባባ ይማም የማታ ጥሪ

አንድን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አንብባችሁ፣ ለአራተኛ ጊዜ ስትጀምሩት የመጀመሪያው ቃል ራሱ እንግዳ ሆኖባችሁ ያውቃል? ዓይናችሁ ደብተሩ ላይ ተተክሎ፣ ከፊታችሁ የቆመው ሰው የሚናገረው ግን ከውሃ ውስጥ የሚመጣ መስሎ ተሰምቷችሁ ያውቃል? እኔ አንድ ሙሉ የእሸት ወቅት እንዲህ ሆኜ አሳልፌያለሁ። ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

ነገሩን ያስታወሰኝ ሽታ ነው። አሁን ሮቢት ከተማ አስተምራለሁ። ባለፈው ጥቅምት ከተማሪዎቼ አንዱ፣ አብዱ የሚባል ልጅ፣ በየቀኑ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ይደፋ ጀመር። ከመቆጣቴ በፊት ወላጆቹን ላነጋግር ብዬ አንድ ቅዳሜ በማለዳ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። መንገዱ በማሽላ መሀል ያልፋል። ጤዛ ያደረበት የማሽላ እሸት ሽታ፣ ጥሬ ወተትና እርጥብ አፈር የተቀላቀሉበት የሚመስለው ሽታ፣ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ እግሬ ቀጥ ብሎ ቆመ። ለሌላው ሰው ያ ሽታ የጥጋብ ሽታ ነው። ለእኔ ወንድሜን የፈለግሁበት ጠዋት ሽታ ነው።

ቤታችን ከቆቦ ወደ ዋጃ ሲሄዱ በስተግራ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። አባቴ በዚያ ዓመት ለሥራ አፋር ወርዶ ስለነበር ቤቱንም ማሳውንም የያዙት እማዬና የእሷ አባት፣ አባባ ይማም ነበሩ። አባባ አንድ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ማማ ላይ መውጣት አይችሉም። ስለዚህ የማለዳው ጥበቃ የእኔ ሆነ።

ጥበቃው ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። ማሽላ እሸት ሲይዝ ግሪሳ ይመጣል። ግሪሳ አንዲቱን ለብቻዋ ቢያዩዋት መዳፍ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ወፍ ናት። ችግሩ ብቻዋን አለመምጣቷ ነው። ሲመጡ ሰማዩ ላይ ጭስ የሚንከባለል ይመስላል፤ ሲያርፉ ዝናብ ቅጠል ላይ ሲወርድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ይሰማል፤ ሲነሱ የማሽላው ራስ ባዶ ነው። ለዚህ ነው በየማሳው መሀል በአራት እንጨት ላይ መቆሚያ የሚሠራው። ማማ የምንለው እሱን ነው። ጠባቂው እዚያ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ እየወነጨፈ፣ ጅራፍ እያጮኸ ወፉን ያባርራል። ወፉ የሚበረታው ጎህ ሲቀድ ስለሆነ ጠባቂ ከወፍ ቀድሞ መነሳት አለበት። እኔ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት እነሳለሁ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን እማዬ ትተካኝና ወደ ትምህርት ቤት እሮጣለሁ።

ሰፈራችን አንድ ደንብ ነበረው። ጎህ ሳይቀድ የመጀመሪያው ማማ ላይ ያለው ሰው «ነቅታችኋል ወይ?» ብሎ ይጣራል። ቀጥሎ ያለው «ነቅተናል!» ይልና ጥያቄውን ወደሚቀጥለው ያስተላልፋል። እንዲህ እየተባለ ጥሪው ከማማ ወደ ማማ እስከ መጨረሻው ማሳ ይደርሳል። መልስ ያልተሰማበት ማማ ጠባቂው ተኝቷል ማለት ነው። ግሪሳ ደግሞ አንድ የተኛ ማሳ ካገኘ እሱን ጨርሶ አይሄድም፤ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። የአንዱ እንቅልፍ የሁሉም ጉዳይ ነበር።

ከእኔ በፊት ያለው ማማ የጎረቤታችን የእትዬ ዘነቡ ነው። ድምፃቸው አስፋልቱ ላይ የሚሄድ መኪና ያስቆማል።

«ዘሃራ! ነቅታችኋል ወይ?»

«ነቅተናል!»

«ድምፅሽ እኮ ገና አልጋ ላይ ነው! አንቺ ነሽ የወጣሽው ወይስ ጥላሽን ነው የላክሽው?»

ልክ ነበሩ። ልቤም ዓይኔም ማማው ላይ አልነበሩም። ሦስተኛ ክፍልን ሁለተኛ ወጥቼ ካርዴን ለአባቴ ሳሳየው «በሚቀጥለው አንደኛ፣ አይደል?» ብሎኝ ነበር አፋር የወረደው። ምናልባት ለጨዋታ ያለው ይሆናል። እኔ ግን እንደ መሐላ ያዝኩት። አንደኛ ካልወጣሁ የማይመለስ መስሎ የሚታየኝ ቀንም ነበር።

ቀኑ ደግሞ ጊዜ የለውም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ውሃ መቅዳት አለ፤ አሥር ሰዓት ላይ ወፉ እንደገና ይመጣል። የቀረኝ ሌሊቱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሁሉም ሲተኛ አጎበሩ ውስጥ ሆኜ አነብ ነበር። ባትሪውን የሚያበራልኝ የስድስት ዓመቱ ወንድሜ ሰይድ ነው። በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አስደግፎ ይይዘዋል። ብርሃኑ ከደብተሩ ወደ ጉልበቴ፣ ከጉልበቴ ወደ ፍራሹ መውረድ ሲጀምር በክርኔ ነካ አደርገዋለሁ።

«በደንብ ያዝ።»

«ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ገባ።»

«አሸዋ አይደለም፣ እንቅልፍ ነው። ትንሽ ታገስ።»

«ነገ ወንጭፉን ትሰጪኛለሽ?»

«ወላሂ እሰጥሃለሁ።»

ጭራሽ ሲደክመው ባትሪውን ጭኔ ላይ ጣል ያደርግልኝና ከአጎበሩ ሾልኮ ወጥቶ አልጋው ሥር ይገባል። እዚያ፣ ብርሃን የማይደርስበት ጠባብ ቦታ ላይ፣ ተጠቅልሎ ይተኛል። ይህን ነገር አስታውሱልኝ።

አባባ ይማም የማታውን የኢሻ ሶላት ሰግደው፣ ከጎረቤት ጋር ትንሽ ተጫውተው ሲገቡ በግድግዳው ስንጥቅ ብርሃኑን ያዩታል።

«ዘሃራ፣ መብራቱን አጥፊና ተኚ። ነገ ወፍ አለ።»

«እሺ፣ አባባ።»

አጠፋዋለሁ፤ የዱላቸው ድምፅ እስኪርቅ ቆጥሬ መልሼ አበራዋለሁ። «ነገ ወፍ አለ» የምትለዋ ቃል በጣም ታበሳጨኝ ነበር። አባባ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ስለዚህ ለእሳቸው እኔ ወንጭፍ የምትይዝ እጅ ብቻ ነኝ፣ ደብተሬንም ይጠሉታል ብዬ ደመደምኩ። እማዬ በተቃራኒው ትኮራብኝ ነበር። «የኔ ልጅ እኮ ሌሊቱን ነው የምታነጋው!» ስትል ለጎረቤት ሰምቻታለሁ፤ ያንን ከሰማሁ በኋላ ደግሞ ጨመርኩበት።

የአካባቢ ሳይንስ ፈተና ቀን ደረሰ። ምዕራፉን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ይዤዋለሁ። የመጀመሪያውን ጥያቄ መለስኩ። ሁለተኛውን ጀመርኩ። ቀጥሎ የማስታውሰው የመምህራችንን እጅ ነው፤ ወረቀቱን ከክርኔ ሥር ቀስ ብለው እየሳቡት ነበር። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ መልስ የለም። ከእርሳሴ የወጣ አንድ መስመር ብቻ ቁልቁል ወርዶ ከወረቀቱ ጠርዝ ወጥቷል።

«ዘሃራ፣ አላጠናሽም» አሉኝ።

አላጠናሽም! እኔ! ማልቀስ እንኳን አቃተኝ። ከዚያ ነገር ያወጣሁት ትምህርት ምን ይመስላችኋል? ጥናቱ አልበቃም የሚል ነው። ከእንቅልፌ ላይ ሌላ ቆረስኩ።

ማማው ላይ ግን ዓይኔ አልታዘዝ አለ። ወፎቹ ዓይኔን የሚያነቡ ይመስለኝ ነበር፤ ሽፋሽፍቴ ሲወርድ እነሱም ይወርዳሉ፣ ስነቃ ይነሳሉ። እንግዲህ ዘዴ ፈጠርኩ። ሰይድን ይዤው እወጣለሁ፤ እኔ ማማው ላይ በነጠላዬ ተጠቅልዬ እተኛለሁ፤ እሱ በእኔ ፈንታ ይመልሳል፣ ወንጭፉንም ይወነጭፋል። የልጅ ድምፁን ወፈር እንዲያደርገው አስተማርኩት። እትዬ ዘነቡ ምንም አልጠረጠሩም።

«ዛሬስ ድምፅሽ ጠርቷል፣ የኔ ተማሪ!» አሉ በመጀመሪያው ቀን። በእንቅልፌ መሀል ሰምቼ ፈገግ አልኩ።

አራት ቀን እንዲህ ሄደ። ለእኔ የበራልኝ ባትሪ የእሱንም ሌሊት እንደበላ፣ ጠዋት የተኛሁትንም እንቅልፍ ከእሱ ላይ እንደወሰድኩ አንዴም አላሰብኩም።

አምስተኛው ቀን የሒሳብ ፈተና የነበረበት ነው። ሌሊቱን ከወትሮው የበለጠ አመሸን። በስተምዕራብ ተራሮቹ ላይ መብረቅ ሲያብለጨልጭ አድሯል፤ ደጋው ላይ የዘነበ እንደሆነ ውሃው ወደ እኛ ወደ ቆላው በጎርፍ ቦይ ይመጣል። በጨለማ ሰይድ ባትሪውን ይዞ ከፊቴ እየመራኝ ማማው ጋ ደረስን። እትዬ ዘነቡ ሲጣሩ ሰይድ «ነቅተናል!» ሲል ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ምንም አልሰማሁም።

የቀሰቀሰኝ የዝናብ ድምፅ ነው። ዓይኔን ስገልጥ ግን ፀሐይ ወጥታለች፣ ፊቴም ደረቅ ነው። ቀና ብዬ ሳይ ማሳው በሙሉ ቡናማ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ዝናብ የመሰለኝ የምንቃራቸው ድምፅ ነበር።

ሰይድ የለም።

መጀመሪያ ከማማው ሥር አየሁ፤ የወደቀ መስሎኝ። ማንም የለም። ወንጭፉ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል። አሁን የምጽፈውን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ነገር ግን ተማሪዎቼን እውነቱን ጻፉ እያልኩ እኔ መደበቅ አልችልም። ወንድሜን ከመጥራቴ በፊት ወንጭፉን አንስቼ ሁለት ድንጋይ ወደ ወፎቹ ወነጨፍኩ። ወፎቹ ቢነሱ ማንም ምንም አያውቅም ብዬ ነው።

«ዘሃራ!» አሉ እትዬ ዘነቡ። «ምን ሆነሽ ነው? ማሳው እኮ በላይሽ ላይ እያለቀ ነው!»

«ሰይድ የለም!»

«ምን?»

«ሰይድ የለም! ጠፋ!»

እትዬ ዘነቡ «በማርያም!» ብለው ከማማቸው ሲወርዱ መሰላላቸው ሲንቋቋ ተሰማኝ። ጩኸቱን ሰምተው እማዬ በባዶ እግሯ፣ አባባ ይማም በሽርጥ ከቤት ወጡ። አባባ ማሳውን አዩ። ወፎቹን አዩ። ከዚያ ዱላቸውን ሽቅብ አንስተው ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ተጣሩ።

«ልጅ ጠፍቷል! ከየማማችሁ ውረዱ!»

ጥሪው እንደ ማለዳው ጥሪ ከማማ ወደ ማማ ሄደ። «ልጅ ጠፍቷል! ውረዱ!» «ልጅ ጠፍቷል! ውረዱ!» ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም በእሸት ወቅት ማማዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ባዶ ሲሆኑ አላየሁም። የዓመት ምግባቸውን ለወፍ ትተው ወረዱ። ያ የወፍ ጭስ መንከባለሉን ትቶ በየማሳው ላይ አረፈ።

የኛ አገር ማሽላ ከረጅም ሰው ይበልጣል። ውስጡ ከገባችሁ ሁለት እርምጃ ላይ ያለውን ሰው አታዩም፤ አገዳው ሲንኮሻኮሽ ብቻ ትሰማላችሁ። በየአቅጣጫው «ሰይድ! ሰይድ!» ይባላል። የእማዬ ድምፅ እየሰለለ ሄደ። ቅጠሉ ፊቴንና እጄን ይቆርጠኛል፤ ጤዛው ልብሴን አጣብቆታል፤ እሮጣለሁ፤ ሰው ያየሁ እየመሰለኝ አገዳ ነው።

ባትሪውን ያገኙት እትዬ ዘነቡ ናቸው። ጎርፍ ቦዩ ዳር አሸዋው ላይ ወድቆ፣ በፀሐይ መሀል እንደበራ ነበር። ብርሃኑ ደክሞ ቢጫ ሆኗል። ቦዩ ገና ደረቅ ነው። ሁላችንም ግን ሳንነጋገር ወደ ምዕራብ አየን። ተራሮቹ ጠቁረዋል።

አባባ ባትሪውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

«ዘሃራ፣ ዛሬ ነቅተናል ያለው ማን ነበር?»

«እሷ ናት እንጂ፣ አያ ይማም!» አሉ እትዬ ዘነቡ። «በዚህ ጆሮዬ ሰምቻታለሁ።»

መውጫ ተገኘልኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። እማዬ ታየኛለች፤ በኔ ሌሊት ማንጋት የምትኮራዋ እማዬ። እውነቱ ግን ከአፌ ወጣ።

«ሰይድ ነው። እኔ ተኝቼ ነበር። ሌሊትም ሳጠና ባትሪ የሚይዝልኝ እሱ ነው። ስንት ቀኑ ነው... አልተኛም።»

ዱላውን ጠበቅሁ። አባባ ዱላውን ጣሉት። በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ተንበርክከው ፊታቸውን ከፊቴ ትክክል አደረጉ።

«አልቆጣሽም። አሁን ንገሪኝ፤ ሌሊት በጣም ሲደክመው የት ነው የሚተኛው?»

«አልጋ ሥር። ብርሃን ሲበዛበት ጨለማ ቦታ ይገባል።»

አባባ ቦዩን በዓይናቸው ተከትለው አዩ። እታች፣ የጋሪ መንገዱ ቦዩን በሚያቋርጥበት ቦታ፣ ጎርፉ እንዲያልፍ የተቀበረ የሲሚንቶ ቱቦ አለ። ሮጡ። አባባ ይማም ሲሮጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቱቦው አፍ ላይ ሁለት ትንንሽ የእግር መዳፎች ይታያሉ። አባባ ትከሻቸው አላስገባ አላቸውና «ግቢ፣ አንቺ ግቢ» አሉኝ። በደረቴ ተስቤ ገባሁ። ውስጡ ቀዝቃዛና ጨለማ ነበር። እግሩን ያዝኩት። ሞቃት ነው።

«ሰይድ! ሰይድ!»

ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ባስተማርኩት ወፍራም ድምፅ፣ «ነቅተናል!» አለ።

እማዬ ከውጭ ሰምታ መሬት ላይ ተቀመጠች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም።

የሒሳብ ፈተናውን ያስታወሰው የለም። ከሰዓት በኋላ ውሃው መጣ። ቀይ ነው፤ ግንድ ይዞ፣ ቱቦውን እስከ አፉ ሞልቶ እያገሳ አለፈ። ዳር ቆመን አየነው። ስለተበላው ማሽላም የወቀሰኝ የለም፤ እትዬ ዘነቡ ብቻ ባዶ ራስ አንድ ሁለት ቀንጥሰው እያዩ «ዛሬስ ግሪሳም ሰርግ ተጠራ!» አሉ።

ማታ አባባ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ደብተርሽን የምጠላው መስሎሽ ነበር?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«ፈተናው ላይ መተኛትሽን ሰምቻለሁ፤ እንቅልፍ ማጣት እኮ ማሳውን ብቻ ሳይሆን ደብተርሽንም ይበላል። በይ፣ ስንት ሰዓት ነው የምትነሺው?»

«አሥራ አንድ።»

«ለልጅ የአሥር ሰዓት እንቅልፍ ይገባዋል» ብለው ጣታቸውን እያጠፉ ከአሥራ አንድ ወደ ኋላ ቆጠሩ። የሁለቱም እጆቻቸው ጣቶች አልቀው ሲያበቁ ኢሻ ሶላት አካባቢ ደረሱ። «እንግዲህ የናንተ መኝታ እዚህ ጋ ነው» አሉ። ቀላል ሒሳብ ነው፤ እኔ የሒሳብ ተማሪዋ ግን አስልቼው አላውቅም ነበር። የሚሰሙኝን ወላጆች ዛሬም የማስቆጥራቸው እንዲሁ ነው፦ ልጁ ከሚነሳበት ሰዓት ጀምራችሁ አሥር ጣታችሁን ወደ ኋላ ቁጠሩ።

ባትሪው ከዚያ ቀን ጀምሮ በአባባ ትራስ ሥር ያድር ጀመር። ጥናቴ ወደ ቀኑ አሥር ሰዓት ዞረ። አባባ ማማው ሥር ጥላው ላይ ተቀምጠው ቆርቆሮ እየደበደቡ ወፍ ያባርራሉ፤ እኔ አጠገባቸው ጮክ ብዬ አነባለሁ። ደብተሬን ይጠላሉ ያልኳቸው ሰውዬ፣ ቆርቆሮውን አቁመው «ቆይ፣ እዚያ ጋ ድገሚው፤ ውሃው ተን ሆኖ ወዴት ሄደ?» ይሉኝ ነበር።

ማታ ደግሞ አዲስ ደንብ ወጣ። ከራት በኋላ እግራችንን እንታጠባለን፣ አጎበሩ ይወርዳል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አባባ ኢሻን ሰግደው ሳይቀመጡ በቀጥታ ይመጡና ግቢው መሀል ቆመው ይጣራሉ።

«ተኝታችኋል ወይ?»

«ተኝተናል!» እንላለን፣ ሰይድና እኔ፣ በሳቅ እየፈነዳን።

«አባባ፣ የተኛ ሰው እንዴት ይመልሳል?» አለ ሰይድ በመጀመሪያው ቀን።

«ዛሬ ይመልሳል። ቆይ እናያለን።»

እትዬ ዘነቡ ሰሙና ለልጆቻቸው ያዙት፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ያለው ቤትም ያዘው። የማለዳው ጥሪ በየማማው እንደሚሄድ የማታው ጥሪ በየግቢው ይሄድ ጀመር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰፈሩ በሙሉ «ተኝተናል!» እያለ ይጮኽ ነበር። ከዚያ መልሱ ቀጠነ። ከዚያ የሚመልሰው ሰይድ ብቻ ሆነ፣ እሱም ግማሹን ቃል ይውጠዋል።

አንድ ማታ አባባ ግቢው መሀል ቆመው ተጣሩ፤ ማንም አልመለሰም። ድጋሚ ተጣሩ። ጸጥ። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ዱላቸውን ሳያሰሙ ገቡ። ይህን የነገረችኝ እማዬ ናት። እኔ ተኝቼ ነበር።

አንደኛ አልወጣሁም፤ በዚያም ዓመት ሁለተኛ ነው የወጣሁት። ግን እያንዳንዱን ጥያቄ እስከ ነጥቡ ድረስ ነቅቼ አነበብኩት። አባቴ ሲመለስ ካርዴን አይቶ፣ ደረጃዬን ትቶ የጠየቀኝ «ሰይድ እንዴት ነው?» ብሎ ነበር።

የአብዱን ሌሊት የሚበላው ባትሪ አልነበረም፤ የታላቅ ወንድሙ ስልክ ነው። እናቱን ስልኩ ማታ ከእሳቸው ዘንድ ይደር፣ መኝታውም በየማታው በአንድ ቋሚ ሰዓት ይሁን ብያቸዋለሁ። እናንተንም የምለምናችሁ ያንኑ ነው። ልጃችሁ ከሚነሳበት ሰዓት ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ዛሬ ማታ መብራቱን አጥፉና ከበሩ ውጭ ቆማችሁ «ተኝታችኋል ወይ?» በሉ። «ተኝተናል!» ካሏችሁ አትቆጡ፣ ሳቁና ነገም በዚያው ሰዓት ተጣሩ። መልስ ያጣችሁ ማታ ግን ቶሎ አትሂዱ። ትንሽ ቁሙና ጸጥታውን አዳምጡት።